በማን ቁና እንሰፈር?

ወገን ተማሪዎችና መምህራን፤ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ በወጣ ቁጥር ስማችንን ፍለጋ እንዋከባለን። ግን ቁናው የማን ነው? እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሚወጣው የሻንጋይ ሰንጠረዥ ከመቶ ነጥብ 30ውን የሚሰጠው ለኖቤልና ለፊልድስ ሽልማት ነው። የታይምስ ሰንጠረዥ ደግሞ በአምስት ዓመት ቢያንስ 1,000 የምርምር ጽሑፍ ያላሳተመውን ከቁጥር አያስገባም። የጎጃም ደጋ አፈር ሲኮመጥጥ፣ ገበሬው ኖራ ሲጠይቅ፣ የጮቄ ቁልቁለት በጎርፍ ሲታጠብ ሁለቱም አያዩም። መምህሩ በእንግሊዝኛ ጽፎ ማዕረግ ያገኛል፤ የማሳው ባለቤት ግን አንዲት መስመር አያነብም።

እኛ ከመመዘን አንሸሽም። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ስንት ማሳ በኖራ እንዲያገግም እንደረዳ በየዓመቱ በአማርኛ ጽፎ በገበሬው ፊት ያንብብ! በዚያ ሚዛን ቀለን ከተገኘን፣ ያን ጊዜ እንፈር።