የመንገድ ማዕዘን የማን ነው?

ሰው ቤቱን ይወዳል፤ ከቤቱ ቀጥሎ ግን ብዙ ጊዜ የሚወደው ሁለት መንገድ የሚገናኝበትን ማዕዘን ነው። ነገሩ ያስገርማል፤ ማዕዘን አይታረስም፤ አይወረስም፤ በስሙ ያስጻፈውም የለምና። ሆኖም በከተማ የኖረ ሰው ሁሉ «የእኔ ማዕዘን» የሚለው ስፍራ አያጣም። ስፍራው ምናልባት አቧራ የሞላበት፣ ግድግዳው ያዘመመ፣ መንገደኛ ዘወር ብሎ የማያየው ይሆናል። የሚወደደውም ስለ መልኩ አይደለም፤ በዚያ ስለሆነው ነገር ነው እንጂ። አንዱ በዚያ ከወዳጁ ተሰናብቶበታል፤ አንዱ በዚያ የመጀመሪያ ደመወዙን ቆጥሮበታል፤ ሌላውም ተርቦ ቆሞ ሳለ የማያውቀው ሰው እንጀራ ቆርሶ ሰጥቶታል።

ከሞጣ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ልጅ ይህን ፈጥኖ ይማራል። በትልቁ ከተማ የቤት ቁጥር ለእንግዳ ብዙ አይረዳውም፤ የከተማው ሰው መንገድ የሚያመለክተው በስፍራ ስም ነውና። በመርካቶ ጎጃም በረንዳ የሚባል ሰፈር አለ፤ ስሙ ራሱ ከዓባይ ማዶ የመጣውን ሰው ያስታውሳል። ሰባራ ባቡርም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለመንገድ ሥራ የመጣው የእንፋሎት መኪና ተበላሽቶ በመቅረቱ ስሙን አገኘ። መኪናው ሥራውን ካቆመ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ ለእንግዳ መንገድ ያሳያል። ልጁ ወደ አራዳ ሲወጣ ደግሞ የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። በሞጣም የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል በ18ኛው መቶ ዓመት ያስተከለችው ጊዮርጊስ አለና፣ ባዕድ የመሰለው ከተማ በዚያ ማዕዘን ጥቂት ዘመድ ይመስለዋል። እንዲህ እያለ የሰው አገር የራሱ ይሆናል። ከተማ ለሰው የሚለመደው በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ማዕዘን በማዕዘን ነው።

የሕዝብ ትዝታ የተጠራቀመባቸው ታላላቅ ማዕዘኖችም አሉ። በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ በ1923 ዓ.ም. የቆመውን የምኒልክን ሐውልት ጣሊያኖች በወረራቸው ጊዜ አነሡት፤ ከነፃነት በኋላ ግን በቀድሞ ስፍራው ተመልሶ ቆመ። በስድስት ኪሎ ያለው ሐውልት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጀመረው ጭፍጨፋ ያለቁትን ያስባል፤ በአራት ኪሎ ያለውም የሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ድል መታሰቢያ ነው። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያኖች በጥይት የገደሏቸው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለከተማ ባቡር መንገድ ሥራ በ2005 ዓ.ም. ከስፍራው ተነሥቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ቆመ። ከዚህ የሚታየው ምንድን ነው? ሕዝብ ስፍራን ከልቡ ከያዘ፣ የተነሣው ሐውልት ዘመን ቆጥሮም ቢሆን ይመለሳል።

ነገር ግን ሐውልት ጠባቂ አለው፤ ድሀ የሚቆምበት ማዕዘን ጠባቂ የለውም። በፒያሳ የነበረው የዶሮ ማነቂያ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ለከተማው አዲስ ግንባታ ሲፈርስ፣ ብዙ ሰዎች የዘመናቸውን ግማሽ ትተው እንደ ወጡ ተናገሩ። በዚህ ነገር ሁለት ዓይነት ሰው ይሳሳታል። አንደኛው፣ አሮጌ ነገር ሁሉ እንዳይነካ የሚፈልግ ነው፤ እርሱ በጠባብ ቤት የታፈነውን፣ ክረምት በመጣ ቍጥር ጣራው የሚያፈስበትን ጎረቤቱን አላሰበም። ሁለተኛው፣ ትዝታ ዋጋ የለውም የሚል ነው፤ እርሱም የፈረሰው ጭቃና ቆርቆሮ ብቻ ይመስለዋል። እውነቱ ግን በዚያ ማዕዘን ዕድር ነበረ፤ ቡና የሚጠራራ ጎረቤት ነበረ፤ ልጅ ሲታመም ሌሊት የሚንኳኳ በር ነበረ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይባላል፤ ጎረቤቱም ከሩቅ ዘመድ ይልቅ ሲርቅ ሰው ማንን ይጠራል? ስለዚህ ከተማ የሚሠራ ሹም ቤት ሲለካ ጉርብትናንም ሊለካ ይገባዋል፤ ሰዎቹን ሲያዛውር አብረው የኖሩትን አብሮ ቢያሰፍራቸው፣ የሰፈሩንም ስም ቢተውላቸው፣ ከሚያቆመው ፎቅ ያላነሰ ሥራ ሠርቷል።

ማዕዘንን የሚያጠፋው ግን የግንባታ መኪና ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ የሚከፋ ጥፋት አለ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ በቤተ ክርስቲያን እሳት ተነሣ የሚል ወሬ ተሰማ፤ ከዚያ በኋላ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊም ነጋዴዎችም ሱቆች ጠፉ። በዚያ ቀን ግድግዳ ብቻ አልነደደም፤ የሞጣ ሰው ሁሉ በአንድነት ያስቀመጠው ትዝታም ነደደ እንጂ። ምክንያቱም የአነስተኛ ከተማ ማዕዘን ብዙውን ጊዜ ሱቅ ነው። የክርስቲያን ልጅ እናቱ ጨው ወይም ስኳር ግዛ ብላ ወደ ሙስሊሙ ሱቅ ትልከዋለች፤ ሳንቲሙ ቢጎድል ባለ ሱቁ «ነገ ታመጣለህ» ይለዋል፤ ልጁም አድጎ ትልቅ ከተማ ሲገባ፣ ስለ አገሩ ሲያስብ ፊት ለፊት የሚመጣበት ያ ሱቅ ነው። እንዲህ ያለውን ሱቅ የሚያቃጥል ሰው የሌላውን ንብረት አጠፋሁ ይላል፤ ሳያውቀው ግን ያቃጠለው የገዛ ልጅነቱን ነው።

እንግዲህ ማዕዘን የማን ነው ቢባል መልሱ ይህ ነው፤ በዚያ ትዝታ ያላቸው ሁሉ ነው። ያ ስፍራ ለአንዱ ከቅዳሴ ሲመለስ ያረፈበት ነው፤ ለሌላው ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ ከወዳጁ ጋር የቆመበት ነው፤ ለሦስተኛይቱ እንጀራ ሸጣ ልጆቿን ያሳደገችበት ነው። የአንዱ ትዝታ የሌላውን አያጠብበውም፤ እርሻ ሲከፋፈሉት ያንሳል፤ ትዝታ ግን ሲከፋፈሉት ይበዛል። ስፍራውን እወዳለሁ የሚል ሰው ፍቅሩ እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ በዚያው ስፍራ የሌላው ሰው የሆነበትን ሲነግረው ሊሰማ ይወዳልን? «እኔ ከዚህ ነበርሁ» ሲል፣ «አንተስ ከወዴት ነበርህ?» ብሎ ይጠይቃልን? ይህን የማይጠይቅ ሰው የሚወደው ማዕዘኑን ሳይሆን ራሱን ብቻ ነው።

ሞጣ ስለ መጠገን ሊማር ቢፈልግ ምሳሌው ከደጁ አይርቅም። በዓባይ ላይ ጎጃምንና በጌምድርን የሚያገናኘው ጥንታዊው ድልድይ በጣሊያን ጦርነት ጊዜ ተሰብሮ ሰባራ ድልድይ ተባለ። ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን መንገደኛ በገመድ ተጎትቶ፣ ነፍሱን በሰው እጅ ሰጥቶ ይሻገር ነበር፤ ከወዲያና ከወዲህ ገመዱን የሚይዙት ሰዎች የተሻጋሪውን ዘርና እምነት ቢመርጡ ኖሮ ማንም አይሻገርም ነበር። ድልድዩ በኋላ ተጠገነ፤ ጎርፍ እንደ ገና ሲጎዳው ሰዎች የተንጠለጠለ ድልድይ ሠሩ። የተሰበረን መንገድ ሰው እንዲህ ደጋግሞ ከሠራ፣ የተሰበረን ጉርብትና መሥራት እንዴት ያቅተዋል?

ሥራውም ከባድ አይደለም፤ ከትንሽ ነገር ይጀመራል። አባት ልጁን እጁን ይዞ በከተማው ሲያልፍ፣ «ይህ ሱቅ የእገሌ ነው፤ በክፉ ቀን እህል አበድሮናል» ብሎ ይንገረው። አስተማሪም ተማሪዎቹን የሰፈራቸው ስም ከወዴት እንደ መጣ ሽማግሌዎችን ጠይቀው እንዲጽፉ ያድርግ፤ ሲጠይቁም ወደ ሁሉም ቤት ይሂዱ፤ የአንድ ወገን ብቻ አይስሙ። በትልቁ ከተማ የሚኖረውም የአገሩን ማዕዘን በናፍቆት ብቻ አያስበው፤ ሲመለስ በዚያ የቆየውን ጎረቤት ደጅ ይርገጥ፤ ይጠይቀው። ወሬ ሲመጣም፣ ከመሮጡ በፊት በዚያ ማዕዘን ማን እንደ ተቀበለው ያስታውስ። ይህን ያስታወሰ እጅ ድንጋይ ለማንሣት ይከብደዋል።