ከዶራሌ እስከ ሠርጉ ቀን

ጅቡቲ ውስጥ ዶራሌ ወደብ ላይ ኮንቴይነር ለመጫን ተራ የያዘን ወጣት ኢትዮጵያዊ ሾፌር «መቼ ነው የምታገባው?» ያለው ሰው የሚጠብቀው መልስ የታወቀ ነው፤ «ትንሽ ልቋጥርና።» አይፈረድበትም። የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ጭነት አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ነው፤ ባቡሩ ሥራ ከጀመረ በኋላም ከባድ መኪናው አላረፈም። የሾፌሩ ቤት ከጋቢናው ጀርባ ያለችው ጠባብ አልጋ ናት፤ ቡናው ተሳቢው ጥላ ሥር ይጣዳል፤ ሐምሌ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ችግሩ ይህ «ልቋጥር» የወንዱ ሂሳብ ብቻ መሆኑ ነው። በ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ኢትዮጵያውያት ግማሽ ያህሉ 17 ዓመት አካባቢ እስኪሞላቸው ድረስ አግብተው ነበር፤ የወንዶቹ አጋማሽ የጋብቻ ዕድሜ ግን ወደ 24 ይጠጋል። እሱ ጊዜውን ይመርጣል፤ እሷን ግን ማን ጠይቋት!

ልጅ ሲመጣስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት የሚሰጠው ሦስት ተከታታይ ቀን ብቻ ነው። ሚስቱ አዲስ አበባ ምጥ የያዛት የዶራሌ ሾፌር ፈቃዱ መንገድ ላይ ሊያልቅበት ይችላል። እጮኛሞች ከገንዘቡ እኩል በዚህም ይነጋገሩ፤ አሠሪዎችም የጉዞውን ቀን ከአባትነት ፈቃዱ ላይ አይቁረጡበት።