ዋንጫ የሌለው አርባ ዓመት

ስለ አሰልጣኝ ማይክ ማርቲን የሚጻፍ ነገር ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ «ግን» ይላል። መጀመሪያ ሙገሳው ይደረደራል። የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲን የቤዝቦል ቡድን 40 የውድድር ዓመታት በዋና አሰልጣኝነት መሩ፤ 2,029 ጨዋታ አሸነፉ፤ በአሜሪካ ኮሌጆች አንደኛ ዲቪዚዮን ከሳቸው በፊት 2,000 ድል የደረሰ አሰልጣኝ አልነበረም። ከዚያ «ግን» ትመጣለች፤ ግን የአገሪቱን ዋንጫ አንስተው አያውቁም። በ2019 ጡረታ ሲወጡ ይህ ተባለ። በ2024 መጀመሪያ በ79 ዓመታቸው ሲያርፉም ተደገመ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ግን» ትንሽ ቃል ናት። የያዘችው ፍርድ ግን ትንሽ አይደለም። አርባ ዓመት የተሠራ ሥራ፣ በሰኔ ወር ውስጥ ባሉ ጥቂት ቀናት ውጤት ይመዘን ማለት ነው። ሚዛኑ የተበላሸ ነው። የተበላሸ መሆኑን ያረጋገጠውም የማርቲን አድናቂ ሳይሆን ከሳቸው በኋላ በዚያው ቡድን ላይ የደረሰው ነገር ነው።

ክሱ ምንድን ነው?

መልስ ከመስጠት በፊት ክሱን ሳያሳንሱ ማቅረብ ይገባል። ማርቲን በ1980 የተረከቡት ፍሎሪዳ ስቴት ከባዶ የሚጀምር ቡድን አልነበረም። እሳቸው ራሳቸው ተጫዋች በነበሩበት በ1965 ቡድኑ የኮሌጆች ወርልድ ሲሪስ ወደሚካሄድባት ኦማሃ ከተማ ደርሷል። በ1970 ደግሞ ለዋንጫ ተጫውቶ በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተሸንፏል። ወንበሩን ለማርቲን የለቀቁት ዲክ ሃውሰር የሄዱት ተባረው ሳይሆን ታዋቂውን ኒውዮርክ ያንኪስ ለማሰልጠን ነበር። ፍሎሪዳ ክረምት የማይበግራት፣ ልጆች ዓመቱን ሙሉ ቤዝቦል የሚጫወቱባት ግዛት ናት። ተጫዋች አይጠፋም።

ማርቲን በዚህ ሁሉ ታግዘው 17 ጊዜ ኦማሃ ገቡ። ሁለት ጊዜ ለፍጻሜ ቀረቡ። በ1986 በአሪዞና 10 ለ 2፣ በ1999 ደግሞ እዚያው ግዛት ባለው ባላንጣቸው በማያሚ ዩኒቨርሲቲ 6 ለ 5 ተሸነፉ። 17 ጊዜ ሄዶ 17 ጊዜ ባዶ እጅ መመለስ።

ከሳሾች ይህን ይዘው ወደ ሉዊዚያና ያመለክታሉ። የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲው ስኪፕ በርትማን ከ1984 እስከ 2001 ባሉት 18 ዓመታት 11 ጊዜ ኦማሃ ገብተው 5 ዋንጫ ይዘው ተመልሰዋል። የማርቲንን ግማሽ ዕድሜ እንኳ ሳይሠሩ። ስለዚህ ይላሉ፣ ጨዋታ ማሸነፍ አንድ ነገር ነው፣ ወሳኙን ጨዋታ ማሸነፍ ሌላ፤ ማርቲን የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አያውቁም ነበር።

ክሱ ቀላል አይደለም። ተርታ ክርክርም አይደለም። ነገር ግን ቤዝቦል የሚባለውን ጨዋታ ጸባይ ይረሳል።

የኦማሃ ሳምንት

ቤዝቦል ምርጡ ቡድን ሳይቀር አዘውትሮ የሚሸነፍበት ስፖርት ነው። በፕሮፌሽናሉ ሊግ አንድ ቡድን በመደበኛው ውድድር 162 ጨዋታ ያደርጋል። 100 ያሸነፈ ቡድን የዓመቱ ድንቅ ይባላል፤ 62 ጊዜ ተሸንፏል ማለት ነው። አንድ ኳስ ወርዋሪ ክንዱ በተሳካለት ምሽት ደካማው ቡድን ጠንካራውን ዜሮ አስቆጥሮ ይሸኘዋል። በዚህ ምክንያት ጨዋታው እውነቱን የሚናገረው ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ነው።

ኦማሃ ግን አይደጋገምም። ስምንት ቡድኖች ይገባሉ፤ ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ሻንጣውን ይይዛል። ስምንቱም እኩል አቅም አላቸው ቢባል አንዱ ቡድን ዋንጫውን የማንሳት ዕድሉ ከስምንት አንድ ነው። በዚህ ስሌት 17 ጊዜ ሄዶ አንድም ጊዜ ያለማሸነፍ ዕድል ከመቶ 10 ገደማ ይመጣል። በሌላ አነጋገር፣ እንደ ማርቲን ያሉ አሥር አሰልጣኞች ቢኖሩ አንዱ ምንም የተለየ ጥፋት ሳይኖርበት ባዶ እጁን ጡረታ ይወጣል።

ስሌቱ ለሁለቱም ወገን እንደሚናገር መደበቅ አይቻልም። በዚያው ሒሳብ ከ17 ጉዞ ሁለት ዋንጫ ቢጠበቅ ነውር አልነበረም። ሁለቱም ቀርተዋል። ጉድለት አለ። ጉድለትና ውድቀት ግን አንድ አይደሉም፤ «ግን» የምትለዋ ቃል የምታደባልቀው እነዚህን ሁለቱን ነው።

የተለመደው ቀን ሥራ

አሁን ማንም ጭብጨባ የማይሰጠውን ክፍል ማየት ያስፈልጋል። ማርቲን በመሩባቸው 40 የውድድር ዓመታት ሁሉ ቡድኑ በየዓመቱ ቢያንስ 40 ጨዋታ አሸንፏል። አንድ ዓመት አልጎደለም። በ40ውም ዓመታት ለአገር አቀፉ የማጣሪያ ውድድር ተጋብዟል። አንድ ዓመት አልቀረም። ሥራውን ሲጀምሩ ዋይት ሐውስ ውስጥ ጂሚ ካርተር ነበሩ፤ ሲጨርሱ ዶናልድ ትራምፕ። በመካከሉ አገሪቱ ሰባት ፕሬዚዳንት አየች።

የኮሌጅ ቡድን ደግሞ እንደ ፕሮፌሽናል ክለብ አንድን ኮከብ አሥር ዓመት ይዞ የሚቆይ አይደለም። ጎበዙ ልጅ በሦስተኛው ዓመት ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ ይሄዳል፤ የቀረው በአራተኛው ይመረቃል። አሰልጣኙ በየሦስትና በየአራት ዓመቱ ቡድኑን እንደ አዲስ ይሠራል። ገንዘቡም የተቆነጠረ ነበር። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ማኅበር ለአንድ የአንደኛ ዲቪዚዮን ቤዝቦል ቡድን ለረጅም ዓመታት የፈቀደው የነጻ ትምህርት ዕድል 11.7 ብቻ ነበር። ይህ ቁጥር ለብዙ ተጫዋቾች ተሸንሽኖ ይከፋፈላል፤ ለአንዱ ግማሽ፣ ለሌላው ሩብ። የቀረውን ወላጅ ይከፍላል። እንግዲህ አሰልጣኝ ማለት የተጫዋቹን ወላጅ ሳሎን ቁጭ ብሎ «ልጅህን ስጠኝ፣ የትምህርቱን ክፍያ ግን ግማሹን አንተ ትሸፍናለህ» ብሎ የሚያሳምን ሰው ጭምር ነው።

በዚያ ቤት ካለፉት አንዱ በስተር ፖዚ ነው። የመጣው በመሐል ሜዳ ተከላካይነት ነበር። እዚያው ፍሎሪዳ ስቴት እያለ ካቸር ሆነ፤ ካቸር ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ የወርዋሪውን ኳስ የሚቀበልና ጨዋታውን የሚያነብ ተጫዋች ነው። በ2008 የኮሌጆች ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በኋላ ከሳንፍራንሲስኮ ጃያንትስ ጋር በ2010፣ በ2012 እና በ2014 የፕሮፌሽናሉን ዋንጫ ሦስት ጊዜ አነሳ። የማርቲን ካዝና ውስጥ ያልገባው ዋንጫ እጃቸው ላይ ባደገ ልጅ እጅ ገባ። ይህን የትኛው ሠንጠረዥ ይመዘግበዋል?

መቆየት ብቻውን ሙያ አይደለም

እዚህ ጋ ሌላ ወገን ደስ ብሎት ይነሳል። «እንግዲያው ሰው ወንበሩ ላይ ይቆይ፤ ልምድ ይከበር፤ ዋንጫ ዋንጫ እያላችሁ አታዋክቡት» ይላል። ይህ ወገን ከመጀመሪያው የባሰ ተሳስቷል።

መቆየት ብቻውን ሙያ ቢሆን ኖሮ ድንጋይን የሚያክል ባለሙያ ባልተገኘ ነበር። የማርቲንን አርባ ዓመት ሕጋዊ ያደረገው ርዝመቱ አይደለም፤ በየሳምንቱ መጨረሻ በአደባባይ መቆጠሩ ነው። ሥራቸውን የሚገመግመው ራሳቸው የጻፉት ሪፖርት አልነበረም። ሰሌዳ ነበር። አርብ ምሽት ቁጥሩ ይሰቀላል፤ ቅዳሜ ይሰቀላል፤ እሑድ ይሰቀላል። ታላሃሲ ከተማ ውስጥ ሁለት ዶላር የሌለው ተማሪ ሳይቀር አሰልጣኙ ሠርተዋል ወይስ አልሠሩም የሚለውን ራሱ ቆጥሮ ያውቃል። በወንበር ላይ የሚያስቆይ እንዲህ ያለ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ራሱ የሚጽፍ፣ ቆጣሪውንም ራሱ የሚሾም ሰው ማርቲንን ምሳሌ አድርጎ ሊጠራ አይችልም።

ሜዳው በአባት ስም፣ ፈተናው በልጅ ላይ

የነገሩ ሁሉ መፍቻ በ2019 መጣ። ዩኒቨርሲቲው ለማርቲን ተተኪ ያደረገው ልጃቸውን ማይክ ማርቲን ጁኒየርን ነበር። ብዙዎች አልጋ ወራሽ አሉት። ስሙ ትክክል፣ ግምቱ ግን ግማሽ ነው። ልጁ ከመንገድ የመጣ አልነበረም፤ ከ20 ዓመት በላይ በአባቱ ሥር ረዳት አሰልጣኝ ሆኖ ሠርቷል። ሥራውን የጀመረውም ከ2005 ጀምሮ የአባቱን ስም በያዘ ሜዳ ላይ ነው። ለአንድ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ከለላ ሊኖረው አይችልም።

የመጀመሪያው ዓመት በኮሮና ምክንያት ተቋረጠ፤ 12 አሸንፎ 5 ተሸንፎ ነበር። በ2021 ውጤቱ 31 ለ 24፣ በ2022 ደግሞ 34 ለ 25 ሆነ። በሁለቱም ዓመት ቡድኑ ለማጣሪያው ተጋብዟል። ብዙ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ውጤት አሰልጣኙን አመስግኖ ውሉን ያድሳል። ፍሎሪዳ ስቴት በ2022 አሰናበተው። ሜዳው ላይ የአባቱ ስም እንደተጻፈ ነው፤ ልጁ ግን ቢሮውን ለቀቀ።

«ግን» የሚሉ ሰዎች ለአንድ ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ ይስጡ። መለኪያው ዋንጫ ከሆነ አባትና ልጅ እኩል ናቸው። የአባት ዋንጫ ዜሮ፣ የልጅም ዜሮ። ታዲያ ለምን አንዱ 40 ዓመት ቆየ፣ ሌላው በሦስት ዓመት ተሸኘ? በመካከላቸው ያለው ልዩነት አባት በየዓመቱ ሳያጓድሉ የሠሩትና ልጅ ሊደግመው ያልቻለው የተለመደው ቀን ሥራ ነው። ዋንጫ ብቻ በሚያይ ዓይን ይህ ልዩነት አይታይም። ሆኖም በታላሃሲ ያልታየው አልነበረም።

ማስረጃው በዚህ አላበቃም። በልጁ ቦታ የተሾመው ሊንክ ጃሬት፣ በማርቲን ሥር የተጫወተና ኖትር ዳምን ኦማሃ አድርሶ የመጣ ሰው ነው። በ2023 የመጀመሪያ ዓመቱ 23 አሸንፎ 31 ተሸነፈ፤ ቡድኑም ከ1977 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማጣሪያው ቀረ። በ2024፣ ማርቲን ባረፉ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ያው አሰልጣኝ 49 ጨዋታ አሸንፎ ቡድኑን ኦማሃ አስገባ። እዚያ ቴነሲ ሁለት ጊዜ አሸንፎት ተመለሰ፤ ቴነሲም ዋንጫውን ወሰደ። በዋንጫ ሚዛን 2023 እና 2024 አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ባዶ። እንዲህ ያለ ሚዛን ገበያ ላይ ቢገኝ ነጋዴው በደንብ ማስከበር ክፍል ይጠየቅበት ነበር።

ምን ይቀራል?

ዋንጫ አይፈለግ የሚል የለም። ማርቲን ራሳቸው ሲፈልጉት ነው የኖሩት። በ2019 የመጨረሻ ዓመታቸው ቡድኑ ለማጣሪያው መጋበዙ ሳይቀር አጠራጣሪ ሆኖ ነበር። ተጋበዘ፤ በጆርጂያ ያለውን ምድብ ሳይሸነፍ አለፈ፤ ሉዊዚያና ስቴትን በገዛ ሜዳው ሁለት ጊዜ አሸንፎ አሰልጣኙን ለ17ኛ ጊዜ ኦማሃ አደረሳቸው። አርካንሶን 1 ለ 0 አሸነፉ። ከዚያ ሚሺጋን 2 ለ 0፣ ቴክሳስ ቴክ 4 ለ 1 አሸነፏቸውና አርባ ዓመቱ እዚያ አለቀ። ዋንጫ አልመጣም።

ያም ሆኖ አንድን ሰው በመጨረሻ መዝኖ ለመፍረድ የሚፈልግ ሁለት ነገር ይጠይቅ። በተለመደው ቀን፣ ካሜራ በሌለበት ቀን፣ ምን ሠራ? የሠራውንስ ሌላ ሰው በነጻነት ቆጥሮታል ወይ? ለሁለቱም ጥያቄ መልስ ያለው ሰው ዋንጫ ቢጎድለው ሥራው አልጎደለም። ለሁለቱም መልስ የሌለው ደግሞ ካዝናው በዋንጫ ቢሞላም መጠርጠር አለበት።

ፍሎሪዳ ስቴት የማርቲንን ስም ለሜዳው ሰጥቷል፤ ማንም አይነሳውም። ወንበሩን ግን ለስሙ አልሰጠም። ስም ለሜዳ ይሰጣል፤ ወንበር የሚሰጠው ለሥራ ነው።