ሰኞ የልጆችም ቀን ነው

ባቲ ሰኞ ሰኞ ሌላ ከተማ ትሆናለች። ገና ሳይነጋ ከቆላው ግመል፣ ከደጋው አህያ መግባት ይጀምራል፤ ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ገበያው ውስጥ መላወሻ አይገኝም። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው በአንድ ሜዳ ይውላል። በዚያው ሰዓት የከተማዋ ሕፃናት ወይ ኬጂ ግቢ ውስጥ ናቸው፣ ወይ በር ተዘግቶባቸው ቤት ቁጭ ብለዋል። “ገበያ ነው፤ ልጅ ይጠፋል፣ መኪና አለ፣ ፀሐይ አለ” ይባላል። የአራት ዓመት ተኩል ሴት ልጅ አባት ነኝና ስጋቱን እጋራለሁ። ልጆቹን መዝጋቱን ግን አልቀበልም። የባቲ ልጅ ባቲን የምታውቃት በሰኞዋ ነው። ስለዚህ ኬጂ በማይኖርባቸው ሰኞዎች ልጄን ይዤ እወጣለሁ፤ ኬጂዎቻችንም አልፎ አልፎ በሰኞ ልጆቹን ይዘው እንዲወጡ እፈልጋለሁ።

ከገበያው የራቁት የከተማ ልጆች ብቻ መሆናቸው ያሳዝነኛል። ከገጠር የምትመጣ እናት ትንሹን በአንቀልባ አዝላ፣ ከፍ ያለውን በእጇ ይዛ ነው የምትገባው። ልጁ ከጆንያው ጎን ተቀምጦ ይውላል። እናቱ በዋጋ ስትከራከር ይሰማል፣ ሰው ሲስቅና ሲቆጣ ያያል፣ ማታ አገሩ ሲገባ የሚያወራው አያጣም። ገበያው ደጁ ላይ ያለው የከተማ ልጅ ግን ግመልን የሚያውቃት ከመማሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ነው። “ግ” ከሚለው ፊደል አጠገብ ተሥላለች፤ እውነተኛዋ ደግሞ ከግቢው አጥር ውጭ እያለፈች ነው።

በኔዘርላንድ የተመሠረተው የቫን ሊር ፋውንዴሽን “ኧርባን 95” የሚባል ፕሮግራም አለው። 95 ሴንቲ ሜትር የአንድ ጤነኛ የሦስት ዓመት ልጅ ቁመት ነው። ለከንቲባዎችና ለመሐንዲሶች የሚቀርበው ጥያቄ ከተማችሁን ከዚያ ቁመት ብታዩት ምን ትለውጡ ነበር የሚል ነው። እኔም በገበያው መሐል ከልጄ ቁመት ዝቅ ብዬ ለማየት ሞክሬያለሁ። መጀመሪያ የሚታየው የሽርጥ ጫፍ፣ የአህያ ሆድ፣ አቧራ የጠጣ ጫማ ነው። ጥቂት ቆይቶ ግን ቆሜ ሳለሁ ልብ ያላልኩት ነገር ታየኝ። የእህል ሻጮቹ ሁሉ መሬት ላይ ነው የተቀመጡት። እኛ ትልልቆቹ ከላይ ሆነን ዋጋ እንጠይቃቸዋለን፤ ልጄ ግን ከእነሱ ጋር ዓይን ለዓይን ናት። ለዚህ ይመስለኛል እኔን ለዓመታት ያላወቁኝ ሴቶች እሷን ቶሎ የለመዷት።

ማሽላ የምትሸጥ አንዲት እናት አለች። ልጄ እዚያ ስትደርስ ትቆማለች። ሴትዮዋ የጆንያውን አፍ ገለጥ ታደርግላትና እጇን እስከ ክርኗ ታስገባለች። ማሽላው ከላይ በፀሐይ ሞቋል፣ ከሥር ቀዝቃዛ ነው። ይህንን እኔ አልነገርኳትም፤ ራሷ ደርሳበት “አባዬ፣ ከታች ይበርዳል!” አለችኝ። ሴትዮዋ በኦሮምኛ ስሟን ትጠይቃታለች፤ እሷም በኦሮምኛ ትመልሳለች። ከዚያ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ እያሉ ፍሬ ይቆጥራሉ። ስንሄድ “እደጊ!” ትላታለች፤ እኔም “አሚን” እላለሁ። ይህንን ሁሉ ስትሰጣት ምንም አስከፍላን አታውቅም፤ እንዲያውም ብዙ ቀን ሳልገዛ ነው የማልፈው። እንዲህ ያለው ነገር በወሎ ምድር ብርቅ አይደለም፤ ልጅን የያዘ ሰው የማንም እንግዳ ነው።

ልጅ ይዞ የሚወጣ ሰው ጉዳዩን ትቶ መውጣት አለበት። ዘይትና ሽንኩርት ልገዛ ስወጣ ገበያው ለእኔ ዋጋ ብቻ ነው፤ ገዝቼ እመለሳለሁ። ከእሷ ጋር ስሆን ግን ገና መግቢያው ላይ ሰሌን የምትጠቀልል ሴት ፊት እንቆማለን፣ ቀጥሎ የተሰበረ ጀበና፣ ቀጥሎ ገመድ የሚገምድ ሰው። መቸኮል ከጀመርኩ ሁለታችንም እንበሳጫለን። ስለዚህ ግዢውን ለሌላ ቀን አስቀርቼ እሷ በምትሄድበት እሄዳለሁ።

የምትሄደውም ወደ ግመሎቹ ነው። የከብትና የግመል ገበያው ከእህሉ ገበያ ለብቻው ነው፤ እዚያ እጇን ለቅቄ አላውቅም። ግመል ስትበረከክ መጀመሪያ የፊት ጉልበቶቿን ታጥፋለች፣ ከዚያ የኋላዋን፣ በመጨረሻ ደረቷን አሳርፋ ትረጋጋለች። ስትነሣ ግን ከኋላ ነው የምትጀምረው፤ ጀርባዋ ላይ ያለው ሁሉ ወደ ፊት ይደፋል። ልጄ ይህን ደጋግማ አይታ ቤት ምንጣፍ ላይ ትለማመደዋለች፤ በየትኛው እግር እንደሚጀመርም የተሳሳተ ሰው ታርማለች። አንድ አፋር ሽማግሌ አንድ ቀን ልጄ እዚያው እንደ ግመል ስትበረከክ አይተዋት ሳቁና ከጆንያቸው ጨው ቆንጥረው መዳፏ ላይ አደረጉላት። ላሰችውና ፊቷን አጨማደደች፣ ከዚያ ደግማ ላሰች። አገራችን ከምትበላው ጨው አብዛኛው ከአፋር፣ ከአፍዴራ ሐይቅ ነው የሚመጣው፤ በቀድሞ ዘመን አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር። ይህንን ስታድግ ትማረዋለች። ያን ዕለት የሚበቃት ጣዕሙ ነበር።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን የአፋሮቹን የወሬ ልውውጥ፣ ዳጉን ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ብቻ አይለያዩም። ይቆማሉ፣ ብዙ ጊዜም ይቀመጣሉ። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው በአጭር በአጭሩ እየተቀበለ ያዳምጣል፤ ከዚያ ተራው ይዞራል። ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሽ የት አለ፣ ማን ሞተ፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ፣ ገበያው እንዴት ዋለ ይባባላሉ። በዓይኑ ያየውን ከሰማው ለይቶ መናገር ግዴታው ነው፤ የዋሸ ሰው ክብሩ ይወርዳል። ልጄ ሁለት ሰዎች በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል ቁጢጥ ብለው ሲደማመጡ አይታ “አባዬ፣ እየተጣሉ ነው?” አለችኝ። “አይደለም፤ ያዩትን እየተነጋገሩ ነው” አልኳት። ከዚያ ወዲህ ከገበያ ስንመለስ ለአያቷ ዳጉ ትሰጣለች። አያቷ “ምን አየሽ?” ይሏታል፤ ትናገራለች። “ምን ሰማሽ?” ይሏታል፤ ትናገራለች። መጀመሪያ ላይ ሁለቱን ታቀላቅል ነበር። አሁን “ይሄን አላየሁም፣ አባዬ ነው የነገረኝ” ማለት ጀምራለች። በስልክ የደረሰው ወሬ ሁሉ ሳይጣራ በሚተላለፍበት በዚህ ጊዜ፣ ለአራት ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም፤ ያገኘችውም ከጎረቤቶቻችን ከአፋሮች ነው።

“ግመሎቹ ለምን ወደ ኮምቦልቻ አይሄዱም?” ብላ ጠይቃኝም ነበር። ጥያቄው የከተማችንን ታሪክ የያዘ ነው። ባቲ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት አፋፍ ላይ ናት። ግመል ከቆላው ወጥታ ብርዱ ጋ ሳትደርስ የምትቆምበት፣ የደጋው አህያና በቅሎም ሐሩሩ ውስጥ ሳይገቡ የሚያራግፉበት ቦታ ነው። ጨውና ቅቤ ከታች፣ እህል ከላይ መጥተው እዚህ ተገናኙ። ለልጄ “ግመሏ ይበርዳታል፣ አህያዋ ይሞቃታል፤ ስለዚህ እኛ ጋ ይገናኛሉ” አልኳት። በቃት። በቅኝቶቻችን ውስጥ ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጎን የባቲ ስም መኖሩን ደግሞ ሻይ ቤቱ ውስጥ ዘፈን ሲከፈት ነግሬያታለሁ። “የኛ ነው?” ብላ ከወንበሯ ወረደች።

ያልነገርኳትም አለ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ባቲ ከታላላቆቹ የተራቡ ሰዎች መጠለያዎች አንዷ ነበረች። ከተማችንን ብዙ የውጭ ሰው ያወቃት ያን ጊዜ በተነሡ ፎቶግራፎች ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት እዚሁ ደርሶ ብዙዎቻችን ቤታችንን ጥለን ወጥተን ነበር። ሽማግሌዎቻችን ስለ ሰባ ሰባት ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ ልጄም ጆሮዋን ታቆማለች። ጊዜው ሲደርስ ትሰማዋለች፤ ከእኔም ትሰማዋለች። አሁን ግን የባቲን ስም ስትሰማ ቀድሞ የሚመጣላት ሙሉ ጆንያና የሞቀ ማሽላ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ይህ እውነትን መደበቅ አይመስለኝም። ከተማዋ ከዚያ ሁሉ በኋላ በየሰኞው መሙላቷም እውነት ነው።

መጀመሪያ ያነሣሁት የጎረቤቶቼ ስጋት ደግሞ መልስ ይፈልጋል። ከሚሌ ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣው የጭነት መኪና በከተማችን መሐል ያልፋል። ሰኞ ዕለት የመንገዱ ዳር በዕቃና በባጃጅ ይያዛል፣ እግረኛው አስፋልቱ ላይ ይወጣል። ልጄን ከመንገዱ ማዶ እስካደርሳት እጇን አጥብቄ እይዛለሁ፤ ስሻገር የማስበው ሌላ ነገር የለም። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. “መንገድ ለሰው” ብላ በወር አንድ እሑድ አንዳንድ ጎዳናዎችን ለመኪና መዝጋት ስትጀምር ሕፃናት አስፋልት ላይ ኳስ ሲያንከባልሉ አይተናል። እኛ የአገር አቋራጩን መንገድ ዝጉልን አንልም። ሰኞ ረፋድ ላይ በዋናው መሻገሪያ አንድ ትራፊክ ይቁምልን፤ ከገበያው ዳር ልጅ የያዘ ሰው የሚያርፍበት ጥላና ንጹሕ መጸዳጃ ይኑር። ከገጠር ልጇን አዝላ የምትመጣው እናት ይህንን ከእኛ በፊት ትፈልገዋለች። እሷ ጥላ የምታገኘው ነጠላዋን እንጨት ላይ ስትወጥር ነው።

ለኬጂዎቻችንና ለኦ ክፍል መምህራን የምለው ከዚህ ይለያል። የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ በ2002 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ኦ ክፍል በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ተስፋፍቷል፤ የድሃ ልጅም ከአንደኛ ክፍል በፊት ትምህርት ቤት ማየት ችሏል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ወላጅ ግን የሚደሰተው ልጁ ደብተር ሞልቶ ሲመጣ ነው። መምህራኑም ይህን ስለሚያውቁ የአራት ዓመት ልጅ እርሳስ ይዞ ሲገለብጥ ይውላል። ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም፤ ደብተሩን የምንጠይቀው እኛ ነን።  ከደብተር ውጭ ለመማር ደግሞ እኛ አጠገብ ያለው ቁሳቁስ ከማንም አያንስም። ቁጥር መቁጠሪያው፣ ቀለሙ፣ እንስሳቱ፣ ቋንቋዎቹ ሁሉ በሳምንት አንድ ቀን በደጃችን ያልፋሉ።

በቀጣዩ የወላጆች ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በየወሰነ ትምህርቱ ሁለት ሰኞ፣ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት፣ ፀሐይ ሳይበረታና ግፊያው ሳይጠና፣ ልጆቹ በጥቂት በጥቂቱ ተከፍለው ይውጡ። ለየሦስቱ ልጅ አንድ ትልቅ ሰው ይኑር፤ ወላጆች፣ በተለይም አያቶች፣ በተራ ይምጡ። አንዱ ቡድን እህል ተራ፣ አንዱ ሰሌንና ሸክላ ተራ፣ አንዱ ደግሞ ግመሎቹን ከሩቅ አይቶ ይመለስ። ሲመለሱ ደብተር አይሰጣቸው፤ ክብ ሠርተው ይቀመጡና ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን ለየብቻ ይናገር። ማሽላ የምትሸጠውን እናት ጠይቄያታለሁ፤ “አምጧቸው፣ ጆንያውን እከፍትላቸዋለሁ” ብላኛለች።