የጋሼ ፍሎፒ

ባለፈው ወር ሰበታ፣ አክስቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። ከአዲስ አበባ ሲዛወሩ የጫኑት የባለቤታቸው የጋሼ አሮጌ ኮምፒውተር ዛሬም ዳንቴል ለብሶ ሳሎኑ ጥግ ተቀምጧል። ጋሼ በሕይወት ሳሉ የቤተሰቡን የትውልድ ሐረግ ጽፈው በአንድ ፍሎፒ ላይ አስቀምጠው ነበር። ሌላ ቅጂ የለም። «ዓይኔ ሳይደክም ባነበብኩት» አሉኝ እትዬ።

ኮምፒውተሩ ተነሣ። የፍሎፒ ማንበቢያው መብራት ግን እንደበራ ቀረ። እትዬ ፍሎፒውን ሊያስገቡ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ «አንድ ቀን ይጠቅማል» ተብሎ የተቀመጠ እንዲህ ያለ ዕቃ ያላችሁ አትጠፉምና ያደረግነውን ላካፍላችሁ።

መብራቱ ሳያቋርጥ ከበራ፣ ብዙውን ጊዜ ጠፍጣፋው ኬብል ተገልብጦ ተሰክቷል ማለት ነው። በዚያ ሁኔታ የገባ ፍሎፒ ላይ ያለው ጽሑፍ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅላችሁ ክዳኑን ክፈቱ። በኬብሉ አንድ ጠርዝ ላይ ያለው ቀይ መስመር ማንበቢያው ላይ «1» በተጻፈበት በኩል መዋል አለበት። የእኛው፣ አንድ የቤቱ ልጅ አቧራ ሊያራግፍ ከፍቶት ገልብጦ መልሶት ኖሯል!

ቀጥሎ አቧራው ነው። ፍሎፒ ማንበቢያ እንደ ቴፕ «ሄድ» አለው። ፍሎፒው በደቂቃ 300 ጊዜ ሲሽከረከር ሄዱ ገጹን ስለሚነካው፣ የቆሸሸ ሄድ አያነብም፤ ሊጭርም ይችላል። ከፋርማሲ የተገዛ አልኮል በነካ ጥጥ ቀስ ብላችሁ ጥረጉት። የላይኛውን ሄድ ወደ ላይ አትሳቡት፤ በቀላሉ ይጣመማል።

ከዚያ ፍሎፒውን ራሱን እዩ። የብረት ሽፋኑን ገፋ አድርጋችሁ ቡናማውን ገጽ ተመልከቱ፤ ሻጋታ ካለበት አታስገቡት። ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ገፍታችሁ ቀዳዳውን ክፈቱ፤ ያኔ ማንበብ እንጂ በላዩ ላይ መጻፍ አይቻልም። መጀመሪያ ግን ቢበላሽ የማይቆጭ ሌላ ፍሎፒ አስገብታችሁ ሞክሩ። አሁንም እምቢ ካለ፣ በዩኤስቢ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ የፍሎፒ ማንበቢያ አለ፤ አንዱ ያቃተውን ሌላው ሊያነበው ይችላል።

እኛ በሙከራው ፍሎፒ ከተማመንን በኋላ የጋሼን አስገባን። ፋይሉ ተከፈተ፤ የታየው ግን የተደበላለቀ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ብቻ! እትዬ ፊታቸው ጠቆረ። አልተበላሸም ነበር። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት ፕሮግራሞች ፊደሉን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ያስቀምጡ ነበር። ስለዚህ ጽሑፉ የተጻፈበት ፎንት ሲጫን ፊደሉ ተመልሶ ይመጣል። የእኛም መጣ።

የመጨረሻው ገጽ ግን አልተነበበም። የእትዬ እናት ወገን የተጻፈው እዚያ ላይ ነበር። እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና ስሞቹን አንድ በአንድ ጠሩልኝ፤ እኔም ጻፍኩ። ሁሉንም በሁለት ፍላሽ ቀድተን አንዱን ለልጆቹ ላክን፤ አንድ ቅጂም በወረቀት አተምን።

አንድ ፍሎፒ የሚይዘው 1.44 ሜጋባይት ነው፤ ዛሬ በስልክ ከምናነሳው ከአንድ ፎቶ ያንሳል። ትልቁ አምራች ሶኒም እ.ኤ.አ. በ2011 በጃፓን መሸጡን አቁሟል። ፍሎፒው ሳያረጅ፣ የሚያስታውሱትም አጠገባችን ሳሉ እንቅዳ። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።