ጠበቃ የሚያሻው መቼ ነው?

በአዴትና በአካባቢዋ ያለው ባላገር ሙግት አያስፈራውም። «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ይሟገቱ የነበሩ አባቶች ልጅ ነውና፣ በወንጀል ተጠርጥሮ ቢያዝ እንኳ «እውነቴን ተናግሬ እወጣለሁ» ይላል። ጠበቃ የሚፈልገው ቃሉን ከሰጠ፣ ምስክርም ከተሰማበት በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ አይደለምን?

የዛሬው የወንጀል ክርክር በአንደበት ማማር ብቻ አይረታም። ለፖሊስ የተሰጠ ቃል በመዝገብ ይሰፍራል፤ በኋላም ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው። ስለዚህም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ለተያዘ ሰው ያለመናገር መብት፣ በአንቀጽ 21 ደግሞ ከሕግ አማካሪው ጋር የመገናኘት መብት ሰጥቶታል።

«ድኻ ጠበቃ በምን ይገዛል?» የሚል ይኖራል። አንቀጽ 20 መልስ አለው፤ ተከሳሹ ለመክፈል አቅም ቢያጣና በዚህም ፍትሕ የሚጓደል ቢሆን፣ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥትም ተመሳሳይ ድንጋጌ ነበረው። ገንዘብ ያለውም ቢሆን በሬውን ሸጦ ለደላላ ከመስጠቱ በፊት፣ የሚያቆመው ሰው የጥብቅና ፈቃድ እንዳለው ይመልከት፤ ውሉንም በጽሑፍ ያድርግ።

ተማሪና ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ሆይ! ፊደል ያልቆጠረ አጎትህ ሲያዝ መጀመሪያ የሚያስጠራው አንተን ነው። «ዝም ብለህ እመንላቸው» ብለህ አትምከረው፤ «ጠበቃ እፈልጋለሁ» ማለትን አስተምረው። ንጹሕ ቢሆን ባለማወቅ እንዳይፈረድበት፣ አጥፍቶም ቢገኝ ቅጣቱ ከጥፋቱ እንዳይበልጥ የሚረዳው ይህ ነው።