ሁለት ክንድ ሲባጎ ለሒሳብ ክፍለ ጊዜ

ሒሳብ በብዙ ተማሪዎች ዘንድ ያለቀለት ትምህርት ነው። ጥያቄው በመጽሐፉ፣ መልሱ ከመጽሐፉ ጀርባ፤ መምህሩም ሁለቱን የሚያውቅ ሰው ነው። እኛ ዕጩ መምህራንም ይህንኑ እምነት ይዘን ወደ ክፍል ልንገባ ነው። «አላውቅም» ማለት እንደ ውርደት የሚቆጠረውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ይህ ልማድ መሻሻል አለበት እንላለን። መሣሪያው ደግሞ ከመሳለሚያ አይርቅም፤ ሁለት ክንድ ሲባጎ ነው።

መሳለሚያ ላይ ካርቶንና ጆንያ የሚያስር ሰው ቋጠሮ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ያውቃል። መጀመሪያ ግራውን ጫፍ በቀኙ ላይ፣ ቀጥሎ ቀኙን በግራው ላይ አዙሮ ካሰረ ቋጠሮው ጠፍጣፋ ሆኖ ይይዛል። ሁለቱንም ጊዜ በአንድ ወገን ካዞረ ግን ይጣመማል፤ ቶሎም ይላላል።

ታዲያ ይህ ልዩነት የሒሳብም ልዩነት ነው። የቀሩትን ሁለት ጫፎች ብናጋጥማቸው ጫፍ የሌለው የተቋጠረ ቀለበት እናገኛለን። አሁን ጠርዙ ይኸው ሲባጎ የሆነ፣ እንደ እንጀራ ክብ የሆነ አንድ ወጥ ጨርቅ በሐሳባችን እንዘርጋ። ላልተቋጠረ ቀለበት ቀላል ነው። ለተቋጠረው ግን ጨርቁ ራሱን በራሱ ሳያቋርጥ አይዘረጋም። ማቋረጡ ጥብጣብ በጨርቅ መሐል ባለ ስንጥቅ እንደሚያልፍ ዓይነት ብቻ ከሆነ «የጥብጣብ ቋጠሮ» ይባላል። ጠፍጣፋው ቋጠሮ እንዲህ ነው፤ የተጣመመው አይደለም።

ቀጥሎ ያለው ትንሽ ይከብዳል። በወረቀት ላይ በተሳለ ክብ ውስጥ ያለች ጉንዳን መስመሩን ሳታቋርጥ አትወጣም፤ ወደ ላይ ብናነሣት ግን ትወጣለች። እንደዚሁም ከርዝመት፣ ከስፋትና ከከፍታ ሌላ አራተኛ አቅጣጫ ቢኖር ጥብጣቡ ጨርቁን ሳይነካ ያልፍ ነበር። በአራተኛው አቅጣጫ ረዳትነት ራሱን የማያቋርጥ ለስላሳ ጨርቅ የሚዘረጋለትን ቋጠሮ «ቁራጭ ቋጠሮ» እንበለው። እንግዲህ የጥብጣብ ቋጠሮ ሁሉ ቁራጭ ነው። ግልባጩስ? ቁራጭ ሁሉ የጥብጣብ ነውን? አሜሪካዊው ራልፍ ፎክስ ይህን ጥያቄ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። እስከ ዛሬ የመለሰው የለም።

እንዲህ ያለው ጉዳይ ለታላላቅ ሊቃውንት ብቻ የተተወ እንዳይመስለን። ጆን ኮንዌይ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው፣ 11 ማቋረጫ ያለው ቋጠሮ ቁራጭ ይሁን አይሁን ለአምሳ ዓመት ያህል ሳይታወቅ ቆየ። በ2018 ሊሳ ፒቺሪሎ የተባለች የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ጥያቄውን በአንድ ጉባኤ ላይ ሰማች። ሳምንት ሳይሞላ ቁራጭ አለመሆኑን አረጋገጠች፤ ሥራዋም በ2020 ታተመ። ያውም ተማሪ ሳለች!

«ፈተና ላይ አይመጣም» የሚሉን ይኖራሉ። እውነት ነው፣ አይመጣም። አራተኛውን አቅጣጫ ለአምስተኛ ክፍል ልጅ አስተምሩ አላልንም። ልጁ ግን ሁለቱን ቋጠሮዎች በእጁ አስሮ፣ የትኛው እንደሚይዝ ጎትቶ፣ ለምን እንደሚለያዩ መጠየቅ ይችላል። ከዚያም መምህሩ «ከዚህ ገመድ የተነሣ እስከ አሁን ማንም ያልመለሰው ጥያቄ አለ» ቢለው፣ ልጁ ሒሳብ ገና እየተሠራ ያለ ሥራ መሆኑን ይረዳል። ይህን ሳይሰማ ትምህርቱን የሚጨርስ ተማሪ ስንት ነው?

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። መምህሮቻችን በማስተማር ልምምድ ወቅት መልሱ ያልታወቀ ጥያቄ የሚቀርብበት አንድ ክፍለ ጊዜ ይፍቀዱልን። እኛም ዕጩዎቹ «አላውቅም፤ እስቲ አብረን እንፈልግ» ማለትን እንልመድ። ውሉ የጠፋ ልቃቂት የሚፈታው ውሉን ፈልጎ እንጂ ልቃቂቱን ደብቆ አይደለም።

የተለየ ሐሳብ ያለው በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይጻፍልን። ሲባጎውን እኛ እናመጣለን።